«ሙያ በልብ ነው» ለቃለ መጠይቅ አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምግብ ዝግጅት አሠልጣኝ ነኝ። ቀን ወጣቶችን፣ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ወደ ማስተማር ከመግባቴ በፊት 11 ዓመት ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ። የጀመርኩት ከስቲዋርድነት ነው፤ ድስት ከማጠብ።

የምጽፍላችሁ ከአሠሪዎች ደጋግሜ ስለምሰማው አንድ ቅሬታ ነው። «ከቴክኒክ የሚመጡት ልጆች ሙያው አላቸው፤ ሥራ ቦታ መሆን ግን አይችሉበትም» ይላሉ። አይናገሩም፣ አይጠይቁም፣ ሰዓት አያከብሩም፣ ስለራሳቸው ሲጠየቁ አንገታቸውን ይደፋሉ ይሉናል። ቅሬታው ሐሰት ነው አልልም። ግን ምክንያቱን የሚፈልጉት ሌላ ቦታ ነው። «የዛሬ ልጅ ሥራ ይንቃል» ብለው ይዘጉታል። እኔ ደግሞ በየቀኑ ፊት ለፊት የማያቸው ሰዎች ናቸውና እንዲህ ተብሎ ሲዘጋ ያመኛል።

አምና የሆነውን ልንገራችሁ። ደረጃ 2 ላይ ያለች ሠልጣኜ ለትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ሥራ ቦታ ላይ ለሚሰጠው ሥልጠና፣ አንድ ሆቴል ተመደበች። 34 ዓመቷ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። እጇ ፈጣን ነው። ቢላ አያያዟን አይቼ ሌሎቹን «እሷን እዩ» እላለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮልድ ሩሙ፣ ምግብ በቅዝቃዜ በሚቀመጥበት ክፍል፣ በር በኩል ስታልፍ ቴርሞሜትሩን አየች። 11 ዲግሪ ይላል። ከ5 ዲግሪ ማለፍ እንደሌለበት አስተምሬያታለሁ፤ ታውቃለች። ሼፉ በዚያ ሰዓት የሠርግ ምግብ እያስወጡ ነው። ላብ በላብ ሆነዋል። ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። እጇን አጣምራ ጠበቀች። ዞር ብለው አላዩአትም። ትንሽ ቆይታ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እሑድ ጠዋት ዶሮውም ዓሣውም ተጣለ።

ሰኞ ተደወለልኝ። «ይቺ ልጅ አታስተውልም» ተባልኩ። ክፍል አስገብቼ ጠየቅኋት።

«ቴርሞሜትሩን አላየሽውም ነበር?»

«አይቼዋለሁ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሼፉ እኮ ሥራ ይዘው ነበር። ትልቅ ሰው ሲያወራ መሀል መግባት ነውር ነው ብዬ ነው።»

የምመልስላት ጠፋኝ። አስተውላለች። ሊናገሩት እንደሚገባም ገብቷታል፤ ሄዳ መቆሟ ለዚያ ነው። ያጣችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ሼፍ ይቅርታ፣ ኮልድ ሩሙ 11 ገብቷል።» ይቺን ቃል በቃል፣ በድምፅ፣ በተጨናነቀ ኩሽና መሀል ጮክ ብላ እንድትል ማንም አላለማመዳትም። እኔም ጭምር። የሙቀት መጠኑን አስተምሬ፣ ጽሑፍ ሰጥቼ፣ ፈትኜ አልፌያለሁ። አፏን አላስከፈትኩም።

ሀገራችን ጨዋ ልጅ የምትለው እንዲህ ያለውን ነው። ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ፣ ሳይጠየቅ የማይናገር፣ ስለራሱ የማያወራ። እኔም እንዲህ ነው ያደግኩት፤ ልጆቼንም እንዲህ ነው የማሳድገው። ክፉ ነገር አይደለም። ግን ያው ልጅ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ አንገት መድፋቱ «በራስ መተማመን የለውም» ተብሎ ይጻፍበታል። ዝም ማለቱ አለማወቅ ይመስላል። እቤት ያስመሰገነው ነገር እዚህ ነጥብ ያስቀንሰዋል። የት ቦታ ምን ዓይነት ጨዋነት እንደሚያስፈልግ ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው የለም።

«እሺ» የምንላትን ቃል ደግሞ ውሰዱ። ኩሽና ውስጥ ከዚህች ቃል የበለጠ ዕቃና ምግብ ያበላሸ ነገር አላየሁም። ሼፉ «ካሮቱን ጁልየን አድርገሽ ቁረጪልኝ» ይላል። ሠልጣኟ «እሺ» ትላለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ካሮቱ ዳይስ ሆኖ ይመጣል። ቀጭን ረጅም የተባለው ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰውየው ይቆጣል፤ «እሺ ብለሽኝ አልነበረም ወይ?» እሷ ግን እሺ ስትል ገባኝ ማለቷ አልነበረም። ሰምቻለሁ፣ አክብሬዎታለሁ ማለቷ ነበር። እቤት እናቷ ስትጠራት የምትለው እሺ ነው።

ስለዚህ እኔ ክፍል አሁን «እሺ» ብቻውን አይሠራም። ትዕዛዝ የተቀበለ ሰው መልሶ ይናገራል። «ሁለት ኪሎ ካሮት፣ ጁልየን፣ እስከ አምስት ሰዓት፣ እሺ ሼፍ።» ያልገባው «ጁልየን ምን ዓይነት ነበር? አንዴ ያሳዩኝ» ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት ይተፋፈራሉ፣ ይሳሳቃሉ። በተለይ ጎልማሶቹ ይቸገራሉ። እትዬ የምላቸው አንዲት የ46 ዓመት ሠልጣኝ አሉኝ፤ ሃያ ዓመት እንጀራ ጋግረው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። «በዚህ ዕድሜዬ አልገባኝም ልበል?» ብለውኝ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሁሉም ቀድመው የሚጠይቁት እሳቸው ሆኑ። ወጣቶቹም እሳቸውን አይተው ደፈሩ።

ሥራችን ሲያልቅ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ርክክብ አለ። አንዱ ሺፍት ለሌላው ቆሞ ይናገራል። ምን አለቀ፣ ምን ቀረ፣ ምን ተበላሸ። «ምን ተበላሸ» የምትለዋን ግዴታ አድርጌአታለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ምንም» ይል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ለመንኳቸው። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ልጅ «ሶሱን አሳርሬ ደፍቼዋለሁ፤ ቲማቲም አንድ ኪሎ ጎድሏል» አለ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። አመሰግንሃለሁ ብዬው እዚያው አጨበጨብንለት። ከዚያ ወዲህ ርክክቡ ርክክብ ሆነ።

ሌላው ያሳሰበኝ የሥራ ልምድ ጉዳይ ነው። ማታ ክፍል ውስጥ ከዓረብ ሀገር የተመለሱ ብዙ ሴቶች አሉ። አንደኛዋ ሪያድ ስድስት ዓመት የቆየች ናት። ሲቪ እንጻፍ ብዬ ወረቀት ሰጠኋቸው። ስሟን ጻፈች፤ «8ኛ ክፍል» ብላ ጻፈች። «የሥራ ልምድ» የሚለው ላይ ሰረዝ አሰመረች።

«ስድስት ዓመቱስ?» አልኳት።

«እሱማ የሰው ቤት ነው፣ ቲቸር። ሥራ አይባልም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ነበር? ዘጠኝ። ማን ነበር የሚያበስለው? እሷ። የተለየ ምግብ የሚበላ ሰው ነበር? አዎ፣ ስኳር ያለባቸው አያት ነበሩ፤ የሳቸውን ለብቻ ትሠራ ነበር። በረመዳንስ? አንዳንድ ቀን ለኢፍጣር ሠላሳ እንግዳ ይመጣ ነበር። ማን አገዘሽ? ማንም። ከአሠሪዎችሽ ጋር በምን ትግባቢ ነበር? በዓረብኛ። ገበያውንስ? ዝርዝሩን እሷ ትጽፋለች፤ ያለቀውን እሷ ታውቃለች።

ሰረዙን አጥፍተን ይህን ሁሉ ጻፍን። ስድስት መስመር ሆነ። ወረቀቱን ይዛ ቆይታ አየችው። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለችኝ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ እስክደርስ ይህ ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ሙያ በልብ ነው» ተብለን አድገናል። ቆንጆ አባባል ነው፤ ጉራ እንዳንነዛ ያስተማረን ነው። ቀጣሪው ግን ልብ ውስጥ ገብቶ አያይም። ከፊቱ ያለው ወረቀትና አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሠልጣኞቼ የምለው ይህን ነው፤ የሠራሽውን በቁጥር ተናገሪ፣ አታጋንኚ፣ አትቀንሺ። «ጎበዝ ነኝ» ማለት አያስፈልግም። «ለሠላሳ ሰው ብቻዬን አብስያለሁ» ማለት እውነት ነው እንጂ ጉራ አይደለም።

ደግሞ አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛዋ ከመሄዷ በፊት ለሥራው የሚመጥን የብቃት ምዘና ሰርተፊኬት እንድትይዝ ያዛል። ስትሄድ ተመዝና ትሄዳለች። ስትመለስ ግን ስድስት ዓመት የጨመረችውን ማንም አይመዝንላትም፤ ባዶ እጇን እንደመጣች ይቆጠራል። እንደ እውነቱ ከሆነ ሙያውን የትም ይልመዱት የት የብቃት ምዘና ላይ መቀመጥ ይቻላል። ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በየወረዳው ቢነገራቸው ምንኛ ጥሩ ነበር።

ከዓረብ ሀገር ተመላሾች ብቻ አይደሉም። አንድ የ41 ዓመት ሰው አለኝ፤ ዘጠኝ ዓመት የሚኒባስ ረዳት ነበር። እሱም «ልምድ የለኝም» ብሎ ነው የመጣው። የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣ እንዴት እንደሚያበርድ ብታዩት! ሒሳብ በቃሉ ይሠራል፤ መልስ አይሳሳትም። ለመስተንግዶ መስኮታችን ከእሱ የተሻለ ሰው አላገኘሁም።

ሰዓትን በተመለከተም የአሠሪዎች ቅሬታ አለ። አንዱን ጉዳይ ብቻ ላንሳ። ለአንዷ ሠልጣኜ ከአንድ ሆቴል የስልክ መልእክት መጣላት። «ሐሙስ 9:00 ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ» ይላል። ልጅቷ ሐሙስ ከቀኑ 8:30 ላይ ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ደረሰች። ግማሽ ሰዓት ቀድማ ማለት ነው። ሆቴሉ ጠዋት በፈረንጅ ሰዓት 9:00 ሲጠብቃት ውሏል፤ በእኛ 3:00 መሆኑ ነው። «ሰዓት የማታከብር» ተብላ ተመለሰች። ሰዓት ከማክበር በላይ ምን ታድርግ? አሁን ሠልጣኞቼን መልሰው እንዲደውሉ አስተምራለሁ፤ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለትዎ ነው?» ብሎ ማረጋገጥ። አሠሪዎችም «ጠዋት» የሚል አንድ ቃል ቢጨምሩ የሰው እንጀራ ይተርፋል።

ማርፈድ ራሱ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። ለዚያ ደግሞ ሕጉን አስነብባቸዋለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያው ሊሰናበት ይችላል። ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በ«ታክሲ አጥቼ ነው» የማይታለፍ ነገር እንዳለ ይገባቸዋል። በር ላይ መዝገብ አስቀምጫለሁ። ሁሉም የገባበትን ሰዓት በራሱ እጅ ይጽፋል። አልቆጣም፤ በወሩ መጨረሻ ራሱ እንዲያነበው ብቻ አደርጋለሁ። የራስን እጅ ጽሑፍ መካድ ያስቸግራል።

ሕጉን ሳስነብብ ግዴታውን ብቻ አላስነብብም። ያው አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በቀን ክፍለ ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይታሰባል፤ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል ይሆናል። የቀድሞ ሠልጣኜ አንድ ምግብ ቤት አምስት ወር ሠርታ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» እየተባለች ውል ሳይሰጣት ቆይታለች። ሥራ ላይ መቆየት የሚባለው ችሎታ ይህንንም ማወቅ ይጨምራል። በትሕትና «ውሌን መቼ ልፈርም?» ብሎ መጠየቅ ልምምድ ይፈልጋል። እኛ ክፍል ይህንንም ጥንድ ጥንድ ሆነን እንለማመደዋለን፤ አንዷ ሥራ አስኪያጅ ትሆናለች፣ አንዷ ሠራተኛ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ በሥርዓተ ትምህርቱ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አለ። በሙያ ደረጃዎቻችን ውስጥ በሥራ ቦታ መግባባት፣ በቡድን መሥራት፣ የካይዘን አምስቱ ማዎች (የሥራ ቦታን በሥርዓት የመያዝ ዘዴዎች) ሁሉ ተጽፈዋል። ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ እነዚህ የሚሰጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ የብቃት ምዘናው ሲደርስ፣ በጽሑፍ፣ በሁለት ቀን። ሠልጣኙ «ውጤታማ ተግባቦት ማለት ምን ማለት ነው?» ለሚለው አራት ነጥብ ይሸመድዳል። ከዚያ ኩሽና ገብቶ ቴርሞሜትሩ 11 ሲል ዝም ይላል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነው ያስተማርኩት። ካሮት መቁረጥን በጽሑፍ አናስተምርም። መናገርን ለምን በጽሑፍ እናስተምራለን? ሁለቱም በእጅና በአፍ፣ እየደጋገሙ የሚለመዱ ናቸው። ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሽርጥ ታጥቀው፣ ድስቱ እሳት ላይ እያለ መለማመድ አለባቸው።

ድርጅቶችም ድርሻ አላቸው። ትብብር ሥልጠና ስንል «ሰባ ሠላሳ» እንላለን፤ ሰባ በመቶው በድርጅት፣ ሠላሳ በመቶው በተቋም። ሰባ በመቶው ያለው እናንተ ድርጅቶች ጋ ነው ማለት ነው። ግን ሠልጣኞቼ ብዙ ቦታ ሲሄዱ የሚጠይቁት ሰው አያገኙም። ወይ ሽንኩርት ሲልጡ ይከርማሉ፣ ወይ ጥግ ይዘው ይቆማሉ። አንድ ሰው ብቻ መድቡላቸው። የግድ ሼፍ መሆን የለበትም። መጀመሪያ ቀን «ችግር ስታዪ ለእኔ ንገሪኝ፤ ሥራ ብይዝም አቋርጪኝ» የሚላቸው ሰው ይበቃል። ያቺ ሠልጣኝ ይህን ሰምታ ቢሆን ዶሮው አይጣልም ነበር። ይህን ለዚያው ሆቴል ሼፍ ነግሬአቸዋለሁ። ሰምተውኛል፤ ለዚያም አከብራቸዋለሁ።

የሚመጡልን ልጆች ምን ስሜት ይዘው እንደሚመጡም አስቡ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። የቀረው ብዙ መቶ ሺህ ወጣት «ወድቀሃል» ተብሏል። ከእነሱ ብዙዎቹ እኛ ጋ ሲመጡ እንደ ቅጣት ነው የሚያዩት። መጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር ይሞላል። «ወድቀሃል» የተባለን ልጅ «በልበ ሙሉነት ስለራስህ ተናገር» ማለት ቀላል አይደለም። ጊዜ ይወስዳል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው። አንድ ልጅ ለሁለት ወር በሹክሹክታ ነበር የሚያወራኝ። ሦስተኛው ወር ላይ የራሱን ሽሮ ሠርቶ ሰው ሲያመሰግነው ድምፁ ወጣ።

ቴርሞሜትሩን አይታ ስላልተናገረችው እናት ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። ከዚያ ነገር በኋላ ልታቋርጥ ነበር። «አሳፈርኳችሁ» ብላ ሁለት ሳምንት ቀረች። ቤቷ ድረስ ሄጄ ቡና ጠጥተን አወራን። ተመልሳ ምዘናውን ወሰደች፤ ብቁ ተባለች። አሁን አንድ ካፌ ውስጥ የጠዋት ሺፍት ላይ ናት። በቅርቡ ደውላልኝ ነበር። ፍሪጁ ሲያስቸግር አይታ ለካፌው ባለቤት በሥራ መሀል ተናገረች። «አቋረጥኳት ቲቸር፤ አልተቆጣችኝም» አለችኝ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ረቡዕ ረቡዕ ከምሽቱ 11:30 ጀምሮ ለማታ ሠልጣኞቻችን የቃለ መጠይቅ ልምምድ እናደርጋለን። ጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ እነሱ ደግሞ ለምደውኛል፤ አይፈሩኝም። የማያውቁት ሰው ቢጠይቃቸው ይሻላል። ሼፎች፣ የሆቴልና የካፌ ሥራ አስኪያጆች፣ የሰው ሀብት ሠራተኞች፣ ለአንድ ሰዓት ብቅ ብትሉልን ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ እናዘጋጃለን። ምግቡን ሠልጣኞቹ ይሠራሉ። አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍሉ ታገኛላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምግብ ዝግጅት አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ